በውሰት የሄደ ሙሾ

የሻምበሉ ፈረስ በማተሚያ ቤቱ የግቢ በር ዘሎ ሲገባ ጠራዧ የታጠፈ ወረቀት በደረቷ አቅፋ ደረጃውን እየወረደች ነበር። ለጥቂት ከኮቴው ዳነች። ከግድግዳው ተለጥፋ አሳለፈችው። ፈረሱ በላብ ታጥቧል፤ ሻምበሉም ከፈረሱ አይሻልም። ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። ጨርቁ በጥድፊያ የተቀደደ ስለሆነ ክሩ ይንጠለጠላል።

«አለቃችሁ የት ነው?» አለ ከኮርቻው ሳይወርድ።

«ውስጥ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ማሽኑን ሁሉ አቁም በዪው።»

እሷ ሳትነግር ማሽኑ ቆመ። የማተሚያ ቤት ሰው በግቢው ውስጥ ፈረስ ሲጋልብ ከሰማ ምን እንደመጣ ያውቀዋል፤ ወይ አዋጅ ነው፣ ወይ ሞት ነው። ያን ቀን ሞት ነበር። አገረ ገዢው ጎህ ሲቀድ አርፈው ነበር።

ጠራዧ ወደ ሴቶቹ ክፍል ተመልሳ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ከእሷ ጋር የምትሰፋው ሴት በምላሷ የተነሳ ምላሴ ትባላለች። መርፌዋን ሳታስቀምጥ፣

«ማን ሞተ?» አለቻት።

«ገዢው።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። ዛሬ ምሳ የለማ።»

«እረፊ፣ ይሰሙሻል።»

«ምን አልኩ? ነፍስ ይማር ነው ያልኩት።»

ጠራዧ አልሳቀችም። ያሰበችው ባሏን ነበር። ባሏ በዚያው ቤት አራሚ ነው። የሚታተመውን ሁሉ ከመታተሙ በፊት አንብቦ ስሕተቱን የሚለቅመው እሱ ነው። በየነገሩ ቆም ስለሚል ሠራተኛው ነጠላ ሰረዝ ይለዋል። ቤት ገብቶም እንደዚያው ነው፤ ማንኪያውን ወደ አፉ አድርሶ አንድ ነገር ትዝ ሲለው እንደያዘው ይቀራል፣ ወጡም ይቀዘቅዛል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሲያርም የራሱን ግጥም በአዋጅ ጀርባ ላይ ሲጽፍ ኖሯል። ያ ግጥም አሁን መጽሐፍ ሆኖ ሊታተም ነው። የሚታተመውም በማግስቱ ነው።

ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ ከመዳፍ ብዙ አትበልጥም። ትንሽ የሆነችው ደግሞ ወዳ አይደለም። አለቃው የፈቀደላቸው ከማስታወቂያ ተቆርጦ የሚወድቀውን ትርፍራፊ ወረቀት ነው። ግጥሙ በወረቀቱ ልክ ተሰበረ። ረጅም ስንኝ የነበረው ሁሉ አጠረ። ባሏ በመጀመሪያ ተናዶ ነበር፤ በኋላ ግን «ይሻላል መሰለኝ፣ ትርፉ ተቆረጠ» አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናደደም። መናደድም ጉልበት ይፈልጋል።

አለቃው አጭር፣ ራሰ በራ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ የሚሄድ ሰው ነው። ሠራተኛውን ሁሉ በፊደል ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። ሻምበሉ መሐል ላይ ቆሞ ትእዛዙን ተናገረ። የሐዘን መግለጫው ዙሪያውን ጥቁር ይሆናል። የገዢው ስምና ማዕረግ በትልቁ ፊደል ይወጣል። የሕይወት ታሪካቸው በመካከለኛው ፊደል ከሥሩ ይሰፍራል። ከሰዓት በኋላ በየአደባባዩ ይነበባል፣ በየግድግዳውም ይለጠፋል።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «መካከለኛው ፊደል ተይዟል፣ ጌታዬ።»

«በምን?»

«በመጽሐፍ።»

«በማን መጽሐፍ?»

የሠራተኛው ዓይን ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። አራሚው እዚያ መነጽሩን በክር ከጆሮው አስሮ ቆሟል።

ማተሚያ ቤቱ ያለው መካከለኛ የእርሳስ ፊደል ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። አንዱ ሥራ ታትሞ፣ ፊደሉ ተፈትቶና ታጥቦ ወደየሳጥኑ ካልተመለሰ ሌላ ሥራ አይጀመርም። የአራሚው ግጥሞች ፊደላቸው ከሳጥን ገጽ በገጽ ተለቅሞ፣ እያንዳንዱ ገጽ ዙሪያውን በሲባጎ ታስሮ፣ በረጅሙ የብረት ጠረጴዛ ላይ ተኝተዋል። የለቀማቸው ጋሼ እርሳስ ነው። ስሙን ያወጣለት ጣቱ ነው፤ ከፊደሉ እርሳስ የተነሳ እድሜ ልኩን ጠቁሮ ቀርቷል። ክረምቱን ሙሉ ከራሱ ሥራ በኋላ እየቆየ፣ በነጻ፣ ፊደል በፊደል ለቀመው። ወሩ ሲያልቅ ሥራውን ትቶ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ነው። ዓይኑ ከድቶታል። ገጾቹ ዛሬ ከተፈቱ መልሶ የሚለቅማቸው ሰው የለም።

ሻምበሉ በጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ። «ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?»

«ግጥም ነው፣ ጌታዬ» አለ አለቃው።

«ገጣሚ አላችሁ እንዴ?» ሻምበሉ ወደ አራሚው ዞሮ ቆመ። ድካሙ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ሌሊቱን ሙሉ በሬሳው አጠገብ ያደረ ሰው ነው። «እንግዲህ ስሙኝ። ከታሪኩ በታች ሙሾ ይሁን ተብሏል። የሚጽፍ ሰው አጥቼ ነበር። ሙሾ ካገኘሁ ታሪኩን አሳጥሬ በትልቁ ፊደል አስገባዋለሁ፤ ያንተም መጽሐፍ እንደተኛ ይቆያል። ሙሾ ካጣሁ ግን ገጹን የሚሞላው ረጅሙ ታሪክ ነው። ያኔ ፊደሉን ሁሉ እወስዳለሁ። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጌታዬ» አለ አራሚው።

«ፈረሴ ውሃ እስኪጠጣና እኔ ፊቴን እስክታጠብ ጊዜ አለህ።»

ሻምበሉ አለቃውን አስከትሎ ወጣ።

አራሚው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ጠራዧ ውሃ ይዛለት መጣች። ብርዑን ነከረ፣ አንድ መስመር ጻፈ፣ ሰረዘው። ሌላ ጻፈ። እሱንም ሰረዘ። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ብርዑን አስቀመጠው።

«አልመጣም?» አለችው።

«ከየት ይምጣ? እሳቸውን የማውቃቸው በፊርማቸው ነው። የፈረሙትን ሳርም ኖርኩ፤ ሰውየውን አንድ ቀን አላየሁም።»

«አንበሳው ወደቀ፣ ዋርካው ተገነደሰ ምናምን በልና ገላግላቸው» አለች ምላሴ ከበሩ ላይ።

«ብዬ ነበር» አለ የተሰረዘውን እያሳያት። «አንበሳውም አለ፣ ዋርካውም አለ። እያቸው። እጄ እንቢ አለ።»

ጋሼ እርሳስ በብረቱ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ከገጾቹ አንዱን በጣቱ እየዳበሰ ነበር። እሱ ፊደሉን እንደተገለበጠ ነው የሚያነበው፤ ወረቀት ላይ ያለውንማ ከተወው ቆየ።

«ልጄ፣ ሙሾ ተኝቶልህ የለም እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

አራሚው ቀና አለ። የትኛውን ገጽ እንደሆነ አውቋል። ጠራዧም አወቀች። ሽማግሌው በዝግታ፣ ከፊደሉ ላይ፣ ጮክ ብሎ አነበበው፦

ቤቱ ያው ቤት ነበር፣ ምነው ዛሬ ሰፋ፣
መብራቱም እያለ፣ ብርሃኑ ግን ጠፋ።
ጆሯችን ደጅ ቀረ፣ እግር እንደሰማ፣
መጣ ስንል ነፋስ፣ ነፋስ ከጨለማ።

«ስም አልተጠራበትም» አለ ጋሼ እርሳስ። «ርእሱን ብቻ አንስተን...»

አራሚው ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ቀለሙ ተደፋ። ሃያ ዓመት በዚያ ቤት ሲሠራ እጁን አንስቶ የታየው ያን ቀን ነው።

«ጋሼ! ይህን የሚሉኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የለቀምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ሲፈርስ ማየት ስለማልፈልግ ነው የምልህ። ሌላ መላ ካለህ አምጣ።»

ምላሴ ተጎንብሳ የተደፋውን ቀለም በጨርቅ ጠረገች።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ በወረርሽኙ ጊዜ ነው። ሰው በሳልና በትኩሳት በየቤቱ ይረግፍ ነበር። አገረ ገዢው ያን ጊዜ ትእዛዝ አወጡ፤ ለቀስተኛ አይሰበሰብ፣ በሞተ ሰው ቤት ማንም አይግባ፣ ቀብር ከቤተሰቡ በቀር ማንም አይውጣ፣ በመንገድ ላይ ጩኸት አይሰማ። ትእዛዙ እዚሁ ቤት ታተመ። አራሚው አረመው፤ አንዲት ስሕተት አልቀረችበትም። ጥቂት ቆይቶ የአራሚውና የጠራዧ ልጅ ታመመ። አንድ ልጅ ነበራቸው። ሲሞት የቀበሩት ሁለቱና መቃብር ቆፋሪው ናቸው። ቆፋሪውም አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ፊቱን አዙሮ ነበር። ሲመለሱ የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። በራቸውን ያንኳኳ የለም። ሐኪሞቹ ትእዛዙ ብዙ ሰው አትርፏል ይላሉ። ጠራዧም ውሸት ነው ብላ አታውቅም። ግን ልጇ እንደ ባዕድ ሄደ። እዬዬ ያለለት ሰው የለም። በሽታው ሲያልፍ ሰው ሁሉ የራሱን ሬሳ ይቆጥር ስለነበር፣ ለሰነበተ ሞት ላልቅስ ብሎ የሚመጣ አልተገኘም። ባሏ ያን ሙሾ የጻፈው በዚያ ሰሞን ነው። ያነበበላትም ለእሷ ብቻ ነው። ለሁለት ሰው የተጻፈ ሙሾ ነው።

አራሚው ተነሳ። ወደ ብረቱ ጠረጴዛ ሄደና የመጀመሪያውን ገጽ ሲባጎ ጫፍ ይፈልግ ጀመር።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለችው።

«ልፈታው። ሌላ ሰው ከሚፈታው እኔ ልፍታው።»

«ተው እንጂ፣ ቆይ።»

«ምን እቆያለሁ? ደከመኝ። ሃያ ዓመት ያለ መጽሐፍ ኖሬያለሁ፣ አልሞትኩም። ያለ መጽሐፍ እኖራለሁ።» ጥፍሩ ቋጠሮውን አላገኘውም። «አንቺ ሰውየው ምን እንዳደረገን ታውቂያለሽ። ለልጄ ሰው እንዳያለቅስለት የከለከለ እሱ ነው። አሁን የልጄን ልቅሶ ለእሱ ልስጥ? በገዛ እጄ? መቃብሩን ቆፍሬ ልጁን አውጥቼ እሳቸውን ላስገባ ነው የምትሉኝ!»

«ድምጽህን ዝቅ አድርግ» አለ ጋሼ እርሳስ በሩን እያየ።

ጠራዧ ወደ ባሏ ቀረበች። እጁን ከሲባጎው ላይ አነሳችው። እጁ በቀለም ርሷል፤ የእሷም እጅ ጠቆረ።

«የልጄ አባት» አለችው። ልጁ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም ነበር። «ስጠው።»

«አንቺም?»

«ስማኝ። ስንት ሰው አለቀሰለት?»

እጁን ወደ ሲባጎው መለሰ።

«መልስልኝ እንጂ። አንተና እኔ። አንተም ያለቀስከው ወረቀት ላይ ነው፤ ጮኸን እንኳ አላለቀስንም፣ ይከሱናል ብለን ትራስ ነክሰን። ዛሬ ገዢው ሞተ። ከሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። መውጣቱ ግድ ነው፣ ወታደር ያወጣዋል። ያለቅሳል። የሚያለቅሰው በምን ነው? ዋርካ ወደቀ በሚል ነው? ለዋርካ ማን ያለቅሳል? በልጄ ያልቅስ። ስሙን ባያውቁት ምን ቸገረኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ። የከለከሉን ልቅሶ ነው፤ በእሳቸው ቀን ይክፈሉን።»

«እሳቸው ናቸው ክብሩን የሚወስዱት።»

«ይውሰዱ። ሬሳ ምን ያደርግበታል?»

አራሚው ለብዙ ጊዜ ቆመ። እንደ ልማዱ ነው ብሎ የሚቀልድ አልነበረም። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ፣ በእጅጌው ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«መጽሐፉ ውስጥ መቅረት አይችልም» አለ በመጨረሻ። «ነገ ቢያዩት ከገዢው ሙሾ ሰረቀ ይሉኛል። የልጄን ሙሾ እኔው ሌባ እሆንበታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይሂድ» አለ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ከላዩ ሸክም እንደወረደለት ሳይሆን ሸክም እንደተጨመረበት ሰው ነበር።

ጋሼ እርሳስ ጊዜ አላጠፋም። ገጹን ጎትቶ ሲባጎውን ፈታ፣ ርእሱን አነሳ። ርእሱ የልጁ ስም ነበር። ከዚያ በስተመጨረሻ ያሉት ሁለት ስንኞች ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይህስ?»

ጠራዧ ሳያነብላት አወቀችው። በቃሏ አለችው፦

ጫማው ጥግ ላይ ቀርቷል፣ ከመዳፌ ያንሳል፣
ትቶት የሄደውን፣ ቆሞ ያስታውሳል።

«የአገረ ገዢው ጫማ ከመዳፍ ያንሳል ካልን» አለ ጋሼ እርሳስ፣ «ሁላችንም ዛሬ ወኅኒ ነው የምናድረው።»

ምላሴ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቁ ግን በአፍንጫዋ ወጣ። አራሚውም ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ሌላ ነገር ሊሆንበት ሲል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጠራዧ ብቻ አልሳቀችም።

«እነዚህን አትስጡ» አለች። «እነዚህ ከመጽሐፉ አይወጡም።»

«ብቻቸውን? ሙሉ ገጽ ላይ?»

«ብቻቸውን።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሁለቱን ስንኞች በሁለት ጣቱ ጨብጦ፣ አንዲት ፊደል ሳትወድቅ፣ ወደ ባዶው ገጽ አሻገራቸው። ዙሪያቸውን በባዶ እርሳስ ሞልቶ አሰራቸው። የቀረውን ሙሾ በትልቁ ፊደል ከተሰናዳው ማዕረግና ታሪክ ሥር፣ ወደ ጥቁሩ ጠርዝ አስገባ።

ሻምበሉ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ የመጀመሪያው ወረቀት ከነእርጥበቱ ቀርቦለት ነበር። የገዢውን ማዕረግ ፈጥኖ አለፈው። ሙሾው ጋ ሲደርስ ግን ከንፈሩ ቀስ አለ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ቆቡን አወለቀ።

«ይህን አሁን ነው የጻፍከው?» አለ።

አራሚው አፉን ከፈተ። ውሸት መናገር ለምዶ አያውቅም፤ ስሕተት ማንሳት እንጂ ስሕተት ማስገባት አልተማረም።

«ሲያስበው የኖረው ነገር ነው፣ ጌታዬ» አለች ጠራዧ።

ሻምበሉ አያት። ጥቁር የነካውን እጇን አየ። የሚጠይቅ መስሎ ነበር፤ ተወው። «እኔም ወንድም ነበረኝ» አለ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው። ከዚያ ቆቡን አደረገ፣ ድምጹም ወደ ቦታው ተመለሰ። «አትሙ! የመጽሐፉ ፊደል አይነካ። ሰምተሃል፣ አለቃ?»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

ማሽኑ ተነሳ። ሁለት ጎልማሶች መዘውሩን እየተፈራረቁ አዞሩ። ምሳ እውነትም አልነበረም። ሴቶቹ የደረቀውን ወረቀት እየለዩ አጠፉ፣ አሰሩ፣ ለመልእክተኞቹ ሰጡ። ጠራዧ በእጇ ያለፈውን ወረቀት ቁጥር አላወቀችም። በእያንዳንዱ ላይ ልጇ አለ። ከላዩ ላይ ግን የሌላ ሰው ስም ተጭኖታል።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ አደባባይ እንዲወጣ ታዘዘ። ጸሐዩ ይፋጃል። የሱቅ በር ሁሉ ተዘግቶ ሰው እንደ ጎርፍ ወደ መሐል ይተማል። ወታደሮቹ በየማዕዘኑ ቆመዋል። ጠራዧ ባሏን ከሕዝቡ መሐል ፈለገችው። ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አየችው። የራሱ ግጥም በሰው ፊት ሲነበብ ሊሰማ የመጀመሪያው ቀን ነው። ጀርባው ጎብጧል። የሚደነቅ ሰው ሳይሆን ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

አዋጅ ነጋሪው ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ወጣ። ማዕረጉን አነበበ። ታሪኩን አነበበ። ሰው ዝም ብሎ ሰማ፤ አንዳንዱ እግሩን ይቀያይራል፣ አንዳንዱ በወረቀቱ ያራግባል። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቷል።

ከዚያ ሙሾው ጀመረ።

«ቤቱ ያው ቤት ነበር» ሲል ማራገቡ ቆመ። «ጆሯችን ደጅ ቀረ» ሲል ከፊት የነበረች አሮጊት ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም ተነሳ። ያኔ ያላለቀሰ ሰው ብዙ ነበር ለካ። በየቤቱ ትራስ የነከሰ፣ ሬሳውን በጭለማ የሸኘ፣ ጮሆ የማያውቅ ብዙ ሰው ነበር። ስለ ገዢው ይሁን ስለ ማን ማንም አልጠየቀም። የዛሬው ትእዛዝ አልቅሱ ስለሆነ ወታደሮቹ አልከለከሉም። አንዱ ወታደር ራሱ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል።

ከጠራዧ አጠገብ የቆመችው የፊት ለፊት ጎረቤቷ ነበረች። ያን ቀን ከመቃብር ሲመለሱ መጀመሪያ መስኮቷን የዘጋችው እሷ ናት። አሁን ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። ዞር ብላ የጠራዧን ደረቅ ፊት አየች።

«አንቺ ልብሽ ምንድነው?» አለቻት በእንባ መሐል። «እንዲህ ያለ ነገር እየሰማሽ አታለቅሺም?»

«እኔ ድሮ ጨርሻለሁ» አለች ጠራዧ። «አንቺ አልቅሺ።»

አዋጅ ነጋሪው የመጨረሻውን ስንኝ ጨርሶ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። ጠራዧ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት ሄደች። ከደረጃው ሥር ስትደርስ፣ ለዓመታት ያልወጣ ድምጿ ወጣ።

«ድገምልን!»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ ደረጃው አጠገብ ወደ ቆመው ሻምበል አየ።

«ድገምልን!» አለ ሌላ ድምጽ ከኋላ። ከዚያ ሌላ። አደባባዩ በሙሉ «ድገምልን! ድገምልን!» አለ። ሻምበሉ እሺ በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

አዋጅ ነጋሪው ወረቀቱን ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማዕረጉንና ታሪኩን ዘሎ ሙሾውን ከመጀመሪያው ጀመረ።